ድስትዎን ይዘው ይምጡ

መርካቶ፣ የቤት ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ባንዱ ገብቼ «ከእነዚህ ሁሉ የቱ ይሻላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ፊት ለፊቴ ባለ ሁለት ምድጃ የጋዝ ስቶቭ፣ ሽቦው እንደ እባብ የተጠቀለለበት ኤሌክትሪክ፣ ባለ ብረት ሳህኑ፣ ጥቁር መስታወት የለበሰው፣ ከሥሩ ኦቨን ያለው «ሦስት ጋዝ አንድ ኤሌክትሪክ» ተደርድረዋል። ልጁ ዋጋ ይጠራልኛል ስል ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ክብ ማግኔት ከኪሱ አወጣ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ድስትዎን ይዘው ይምጡ» አለኝ። «ይቺ ከድስቱ ቂጥ ከተጣበቀች ኢንዳክሽኑን እሸጥልዎታለሁ። ካልተጣበቀች ግን ብርዎን አልቀበልም፤ ነገ ተመልሰው ይመጡብኛል።»

ሻጭ ሲመክር ጆሮዬን አልሰጥም። ይህን ግን ሰማሁት፣ ምክንያቱም ስለ ስቶቭ ስንጨቃጨቅ ሁልጊዜ የምንዘለው ነገር ነው። «ጋዝ ይሻላል»፣ «የለም፣ ኤሌክትሪክ ይሻላል» እንባባላለን እንጂ በላዩ ምን እንደሚጣድ አንነጋገርም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የተባለው ሦስቱም ጉልቻ ድንጋይ በነበረበት ዘመን ነው። ድንጋይ የመጣለትን ሁሉ ይሸከማል። የዛሬው ጉልቻ ግን ድስት ይመርጣል፤ ያልወደደውን ጮኾ ይመልሳል።

የእኛን ቤት ነገር የሚያወሳስበው ደግሞ ማብሰል የምንለው አንድ ሥራ አለመሆኑ ነው። እንጀራ አለ፣ ወጥ አለ፣ ቡና አለ። ሦስቱ ሦስት ዓይነት እሳት ይፈልጋሉ። እንጀራ ሰፊና እኩል የሆነ፣ ሊጥ ሲፈስበት የማይበርድ ሙቀት ይፈልጋል። ወጥ መጀመሪያ ላይ ለቁሌቱ ለስላሳ፣ ውኃ ሲጨመር ብርቱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚያንተከትክ እሳት ይሻል። ጀበና ቂጧ ክብ ስለሆነ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አትቀመጥም። ከውጭ የሚመጣው ስቶቭ ሁሉ የተሠራው ከሦስቱ አንዱን፣ ያውም ግማሹን፣ ብቻ አስቦ ነው።

ከሦስቱ ኃይል የሚበላው እንጀራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጋገርበት ቤት በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ለምጣዱ ብቻ ይከፍላል። ወጥ የሚሠራበት ስቶቭ በአማካይ በ1,000 ዋት በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢነድ በወር 45 ነው። እንግዲህ በመብራት ሒሳብ የተማረረ ሰው ስቶቭ ከመቀየሩ በፊት ምጣዱን ይይ፤ ክዳኑ ይገጥም እንደሆነ፣ ሬዚስታንሱ የተቀበረበት ሸክላ ተሰነጣጥቆ ሙቀቱን ወደ ታች ይጥል እንደሆነ። እንጀራ ከጉሊት የሚገዛ ቤተሰብ ደግሞ ይህን ሁሉ ሒሳብ ለጋጋሪዋ አስተላልፎታል፤ ለእሱ ጥያቄው ቀሏል።

ሌላም ስቶቭ ሻጭ የማይነግረን ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ላይ 96 ይደርሳል። ሽምብራው አልበስል፣ የበሬ ሥጋው አልላላ ሲል «ስቶቩ ደካማ ነው» ብሎ እሳት መጨመር ከንቱ ድካም ነው፤ ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ የሚጨመረው እሳት እንፋሎት ያበዛል እንጂ ድስቱን አያግለውም። መፍትሔው ፕሬዠር ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ውስጡን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ለደጋ ሰው ከውድ ስቶቭና ርካሽ ድስት ይልቅ ርካሽ ስቶቭና ጥሩ ፕሬዠር ይሻለዋል ብል ማንም የሚከራከረኝ አይመስለኝም።

ስለ እንጨትና ከሰል ረጅም መጻፍ አልፈልግም፤ ነገር ግን ዘሎ ማለፍም አይቻልም፣ ምክንያቱም የአገሩ አብዛኛው ቤት የሚያበስለው በዚሁ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን ሕይወቷ ከማገዶ ጋር የተያያዘ ነው። ምኒልክ በማገዶ እጥረት ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር፤ ከተማዋ እዚሁ እንድትቀር ካደረጓት ነገሮች አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ለምጣድ የተሠራችው፣ ከሲሚንቶ የምትቀረጸው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ስትነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ታተርፋለች። ውስጧ ሸክላ፣ ውጭዋ ቆርቆሮ የሆነችው «ላቀች» የከሰሉን ሩብ ገደማ ትቆጥባለች። ሁለቱም የ1980ዎቹ ሥራዎች ናቸው፤ ከብዙ ውድ ዕቃ ይልቅ ለብዙ እናቶች ዓይንና ሳንባ ውለታ ውለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ የሞተውን ሰው 3.2 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገምቶታል።

ከሰል ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ከሰል የሚፈራው ሲጨስ ነው፤ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ደህና ነው» ብሎ ወደ ቤት ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም መልክም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ቡና ከተጠጣ በኋላ ፍሙ እንዲያሞቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትቶ መተኛት ስንቱን ሳይነቃ አስቀርቶታል።

ላምባውን፣ በፈትል የሚነደውን፣ ሰፈሩ «ቡታጋዝ» ይለው የነበረውን፣ ያደግንበት ሰዎች ሽታውን እናውቀዋለን። ድጎማው ተነስቶ ዋጋው ከወጣ ወዲህ ብዙው ቤት ወደ ከሰልና ወደ መብራት ዞረ። የሚናፍቀው የለም። ከሸንኮራ ተረፈ ምርት የሚወጣ ኢታኖል የሚነድበት ምድጃም ሱማሌ ክልል ባሉ የስደተኛ ጣቢያዎች ተሞክሮ ወዳጅ አግኝቷል፤ ከተማ ሱቅ ውስጥ ግን ፈልጌ የማገኘው ዕቃ አይደለም።

ጋዝ ሌላ ነው። ወጥ የሚወድ ሰው ጋዝ ይወዳል። ቁልፉን ስታዞር እሳቱ እዚያው ያንሳል፣ እዚያው ይበዛል፤ ዓይንህ ያየዋል። ሸክላ ድስት አይመርጥም፣ አሉሚኒየም አይመርጥም፣ ቂጡ የጎበጠውንም ይቀበላል፤ ጀበናም በሽቦ መቀመጫ ይዞ ያፈላል። መብራት ሲጠፋ እራት አይቀርም። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ጋዝ የሚያስመርረው ሲሊንደሩ ላይ ነው። ነዳጁ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ዋጋው አንድ ቦታ አይረጋም፣ አንዳንድ ሰሞንም ጨርሶ ይጠፋል። አሳንሰር የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው 12.5 ኪሎ ጋዝ ከነብረቱ በደረጃ ሲያስወጣ ለተሸካሚ የሚከፍለው አለ።

ይህን ሲሊንደር በመብራት ቋንቋ እንተርጉመው። 12.5 ኪሎ ጋዝ 160 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይዟል። ከዚያ ውስጥ ድስቱ ውስጥ የሚገባው እንደ ምድጃውና እንደ ድስቱ ስፋት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው፤ የቀረው በድስቱ ጎን አልፎ ማድ ቤቱን ያሞቃል። ግማሹ ገባ ብንል 80 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኢንዳክሽን ከሚስበው 85 በመቶ ገደማ ወደ ድስቱ ስለሚያስገባ ያንኑ ሥራ በ95 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሰዋል። እንግዲህ አንድ ሲሊንደር ሲሞላ የተከፈለውን ብር ከ95 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ጋር ማስተያየት ነው። የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተደርጓል፤ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል። እንደዚያም ሆኖ ሒሳቡን በሠራሁ ቁጥር የሚያሸንፈው መብራቱ ነው።

የጋዝ አደጋው ጠባዩን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ መስኮት ከፍቶ መቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ በሩም ከሥሩ መተንፈሻ ይፈልጋል። የሚሸተን ሽታ የጋዙ የራሱ አይደለም፤ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው። ጎማውንና ሬጉሌተሩን በሳሙና አረፋ መፈተሽ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እሳቱ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ምላስ ካወጣ፣ የድስቱም ቂጥ ከጠቆረ፣ አየር አንሶታል ማለት ነው፤ የደጋው አየር ስስ ስለሆነ ይህ እኛ ጋ ይበዛል።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ የተጠቀለለ ሽቦ ሸክላ ላይ የተዘረጋበት ርካሹ ስቶቭ የተማሪና የአዲስ ተከራይ ወዳጅ ነው። እኔም በእሱ ነው የጀመርኩት። የቀላው ሽቦ ራሱ መብራት ተሸክሟል፤ ሽሮ ገንፍሎ ሲፈስበት ወይም ማንኪያ ሲነካው የሚሆነው ይታወቃል። ከዝርዝሩ ሁሉ ያለ ምንም ማመንታት አትግዙ የምለው እሱን ብቻ ነው።

ባለ ብረት ሳህኑ ጨዋ ነው። ትንሹ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ 1,000፣ ትልቁ 1,500 ዋት ነው፤ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት 2,000 ይደርሳል። ዘገምተኛ ነው፤ ድስቱን ከማሞቁ በፊት ራሱ መሞቅ አለበት፣ ከጠፋም በኋላ ቶሎ አይበርድም። ይህን ጠባዩን ያወቀች ሴት ግን ታተርፍበታለች፤ ሽሮው ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ታጠፋዋለች፣ እሱ በያዘው ሙቀት ያንተከትከዋል። ሸክላ ድስትም ቂጡ ጠፍጣፋ እስከሆነ ድረስ አይጠላም።

ጠላቱ የመብራት መውረድ ነው። የበዓል ዋዜማ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ፣ አምፖሉ እንደ ሻማ ሲደበዝዝ አይታችኋል። በሬዚስታንስ የሚሠራ ዕቃ ኃይሉ የሚቀንሰው መብራቱ በወረደው ልክ ብቻ አይደለም፣ በእጥፉ ነው። 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ 1,500 ዋቱ ሳህን 1,000 ዋት ይሆናል፤ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ምጣዱም እንዲሁ ስለሚሆን ነው እንጀራው ዓይን አላወጣ የሚለው። ጋጋሪዋ ሊጡን ትወቅሳለች፤ ሊጡ ግን ምንም አላደረገም።

ጥቁር መስታወት ከለበሱት ውስጥ ከሥሩ ሽቦ የሚግልበትና ኢንዳክሽኑ አንድ ይመስላሉ፤ ሰው ይታለልባቸዋል። የመጀመሪያው ያው ኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ ፊቱ አምሮ የመጣ። ለማጽዳት ይመቻል፤ ስኳር ነክ ነገር ከፈሰሰበት ግን ቶሎ ካልተነሳ ተቃጥሎ ይይዛል፣ ከባድ ድስት ከወደቀበትም ይሰነጠቃል። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ኢንዳክሽን ግን ራሱ አይግልም፤ ድስቱን ነው የሚያግለው። ከመስታወቱ ሥር ያለው የመዳብ ጥቅል በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚገላበጥ መግነጢሳዊ ኃይል ይፈጥራል፤ ያም በድስቱ ቂጥ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲዞር ያደርጋል፤ ብረቱ በራሱ ውስጥ በሚዞረው ይሞቃል። ሁለት ሊትር ውኃ በ1,800 ዋት ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ይፈላል። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ጨርቅ ቢወድቅበት አይነድም። ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ግን ሲበራ ከ60 ሳንቲ ሜትር ባይጠጋው ይመከራል።

ባለቤቴ አንድ ቀን ሙከራ ብሎ ባለ አንድ ምድጃውን ተውሶ አመጣ። እማማ፣ እናቱ፣ የሽሮ ሸክላቸውን ጣዱበት። ሦስት ጊዜ ጮኸ። አነሱት፣ መልሰው ጣዱት፤ ጮኸ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር አልቀበልም አለኝ እኮ» አሉኝ፣ እንደ እንግዳ ያፈሩ መስለው። ሸክላ አይቀበልም። ንጹሕ አሉሚኒየምም አይቀበልም። በሁለቱ መሐል የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ብረት ይሸጣል፤ እሱን ካስገባን ግን ኢንዳክሽኑ ያው ባለ ብረት ሳህን ይሆናል፣ የገዛነው ፍጥነትና ቁጠባም ይቀራል።

ማግኔት የተጣበቀበት ድስት ከተገኘ በኋላም ቁሌቱ ቀሪ ፈተና ነው። ለዶሮ የሚሆን ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በትዕግሥት፣ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ርካሹ ኢንዳክሽን ደግሞ ለስላሳ እሳት አያውቅም። 300 ዋት ላይ አድርጉት ስትሉት ከ1,000 በላይ ለጥቂት ሴኮንድ ይለቅና ይጠፋል፣ መልሶ ይለቅና ይጠፋል። ድስቱ ስስ ከሆነ ሽንኩርቱ እየተንቀጠቀጠ ይበስላል። ጥቅሉም ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይሰፋም፤ የበዓል ድስት 30 ሳንቲ ሜትር ነው። የሙከራው ቀን ሽንኩርቱ ከመሐል ክብ ሠርቶ ሲያር ዳሩ ገና ጥሬ ነበር። እማማ ማማሰያውን አስቀመጡና ስቶቩን ከመንቀል ይልቅ ምክር አመጡ፤ ወፍራም ቂጥ ያለው ድስት፣ ሽንኩርቱ በሁለት ዙር፣ እጅ ሳያርፍ። ወጣላቸው። ለአሥር ሰው ድግስ ግን አሁንም በጋዝ ወይም በብረት ሳህኑ ነው የሚሠሩት፤ እኔም አልከራከራቸውም።

መብራቱ ሲወርድ ኢንዳክሽን እንደ ሳህኑ አይደክምም፣ ያኮርፋል። የስሕተት ቁጥር ጽፎ ይጠፋል። ስለዚህ የዋዜማ ምሽት በእሱ ብቻ የሚተማመን ቤት ጦሙን ሊያድር ይችላል።

ውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን ጥያቄያቸው ይለያል፤ ስቶቩን አይመርጡም፣ ከአፓርታማው ጋር ይከራዩታል። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህቴ የምትለኝ ስለ እሳት ሳይሆን ስለ ጭስ ማንቂያው ነው፤ ቡና በቆላች ቁጥር ኮርኒሱ ይጮኻል። እንጀራውን ብዙዎች የሚጋግሩት የኖርዌይ ዘሮች ሌፍሴ ለሚሉት የድንች ቂጣቸው በሠሩት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የዚያ አገር ተራ ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ 1,800 ዋት ገደማ ላይ ያበቃል፤ የእኛን የ3,500 ዋት ምጣድ ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም።

እዚህም ቢሆን ሶኬቱን መጠየቅ ይገባል። 3,750 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 17 አምፔር ይስባል፤ ተራው ስፒና የተሠራው ለ16 ነው። ምጣድ ለብቻው ብሬከርና ለብቻው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢኖረው ነው ደህናው። 2,000 ዋት ኢንዳክሽን 9 አምፔር ነው፤ ጤነኛ የግድግዳ ሶኬት ይሸከመዋል። ማከፋፈያ ላይ ከፍሪጅና ከውኃ ማፍያ ጋር ከተሰካ ግን ማከፋፈያው ይቀልጣል። ባለ አራት ምድጃ ኤሌክትሪክ ከእነ ኦቨኑ የገዛ ሰው አራቱንም አብርቶ ምጣድ ቢጥድ ቆጣሪው ቤቱን ሁሉ ያጨልምበታል፤ በተግባር ሁለቱን ብቻ እየተጠቀመ ለአራት ከፍሏል። ያቺ «ሦስት ጋዝ አንድ ኤሌክትሪክ» የምትባለው የምትወደደው በዚህ ነው፤ የእኛን ኑሮ አይቶ የሠራት ሰው ያለ ይመስላል። ቦታና ገንዘብ ላለው ሰው እሷን እመክራለሁ። ሁለቱም ላጠረው ግን አንድ ኢንዳክሽን፣ አንድ ፕሬዠር፣ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ትንሽ ጋዝ ይበቃል። ለቡና ላቀቿ በረንዳ ላይ ትቆይ፤ ቂጧ ጠፍጣፋ የሆነች የስቶቭ ጀበናም ገበያ ላይ አለች፣ እማማ ግን «የታመመች ጀበና» ይሏታል።

በሳምንቱ ሦስት ድስት በዘንቢል ይዤ መርካቶ ተመለስኩ። የበዓሉ አሉሚኒየም ላይ ማግኔቷ ተንሸራታ ወደቀች። በውድ የገዛሁት፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ስቴንለስም አልያዛትም፤ ልጁ «ብረቱ ዓይነቱ ነው፤ ሁሉም ስቴንለስ አይስብም» አለኝ። የቀረው ኢናሜሉ የተላላጠ ሰማያዊ ድስት ነበር፤ ልብስ የምንቀቅልበት፣ ለሙላት ያህል ይዤው የመጣሁት። ማግኔቷ ከእጁ ዘላ ጥብቅ አለችበት።

«ይኸው!» አለና ኢንዳክሽኑን ከካርቶን እያወጣ ቀና ብሎ አየኝ። «የሶኬቱ ብሬከርስ ስንት ነው እትዬ?»

16 መሆኑን አይቼ ነበር ከቤት የወጣሁት።